ለኦሬስቴ የመረጥኩት ካርታ

ወንድሜ ኦሬስቴ ዕድሜ ልኩን ሲስቅብኝ የኖረ ሰው ነው። ካርታ አንብቤ መኖሬን ለባር ጓደኞቹ የሚያወራላቸው እንደ ቀልድ ነበር። «እህቴ ኢዮሌ ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ ካርታ ትጥላለች፤ እኔ በመስኮት አያለሁ» ይላቸዋል፤ እነሱም ይንከተከታሉ። በባሩ በር ሳልፍ አንዱ ተነስቶ «ሲኞራ፣ ለኔስ ምን ይታይዎታል?» ካለኝ፣ ሚስትህ ዛሬም ቤት እንደማታስገባህ ይታየኛል ብዬው እሄዳለሁ። ቅር አይለኝም። ለምን ቢሉ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ሰው ፊት «አውቃለሁ» እያልኩ የምቀመጥ ሴት ነኝ። ባሏ ይመለስ እንደሆነ የምትጠይቀኝ፣ ልጇ ሥራ ያገኝ እንደሆነ የምትጠይቀኝ፣ ሁሉም ዓይን ዓይኔን ነው የሚያዩኝ። ሲመሽ ኦሬስቴ ገብቶ «ዛሬስ ማንን አታለልሽ?» ሲለኝ ነው ጫማዬን አውልቄ እግሬን የምዘረጋው።

የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። እሱ ሚስቱን ቀብሯል፤ እኔ ደግሞ ባል የሚባለውን ነገር ሞክሬው አልሆነልኝም። ቶሪኖ ውስጥ ሳን ዶናቶ ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ላይ፣ እኔ ሁለተኛ ፎቅ እሱ አራተኛ ፎቅ እንኖራለን። ትራም ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ከሰዓት በኋላ ባር ገብቶ ከነታንክሬዲ ጋር ካርታ ይጫወታል፤ ከዚያ እኔ ጋ መጥቶ ሾርባውን ይጠጣል፣ ሾርባው ጨው በዛበት ይላል፣ ደግሞ ይጨምራል።

በመከር ወራት ሆዴን አለኝ። የበላው ነገር ነው ብዬ ሻይ አፈላሁለት። አልተወውም። ሐኪም ቤት ስንሄድ አንዲት ከሳርዴኛ የመጣች ወጣት ሐኪም፣ ዶክተር ፒራስ፣ ወረቀት ላይ ሣለችልን። ሆዱ ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ሥር እንደ አሮጌ የብስክሌት ጎማ በአንድ ጎኑ አብጧል። ሳይፈነዳ ከተሠራ ብዙ ሰው ይድናል፤ ከፈነዳ ግን አምቡላንሱ እስኪደርስ አይቆይም አለች። ኦሬስቴ እሺ፣ እሺ እያለ ሸሚዙን ቆለፈ። ደረጃውን ስንወርድ «አልተኛላትም» አለኝ።

አባታችን ለኦፕሬሽን ገብቶ አልወጣም። ኦሬስቴ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበር፤ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ የአባባን ጫማ ይዞ ሲጠብቅ ዋለ። ስለዚህ እንዳልቆጣው አፌን ያዘኝ። ግን ተቆጣሁ። ለመንኩ፣ ጮህኩ፣ አለቀስኩ፣ ሾርባ አላበስልም ብዬ አኮረፍኩ። ዶክተሯ ትደውላለች፤ እሱ ስልኩን አያነሳም። ማታ ማታ ተኝቼ ሁለት ፎቅ ወደ ላይ ጆሮዬን ጥዬ ሲራመድ እሰማለሁ። መራመዱን ሲያቆም ተነስቼ እቀመጣለሁ።

አንድ እሑድ አኞሎቲ፣ ሥጋ የተሞላ ፓስታ፣ ሠርቼለት እየበላን ሳለ ሹካውን አስቀመጠና፣ ሳያየኝ፣ «አንብቢልኝ» አለኝ። ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር። እጁ ግን የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ያጣጥፋል፣ ይዘረጋል። «ካርታው ሂድ ካለኝ እሄዳለሁ። አትሂድ ካለኝ ደግሞ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ» አለ።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ሲኞራ ኤልቪራ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለሥጋ ዘመድ ካርታ አይነበብም ይሉ ነበር። መንፈስ ይቆጣል ብለው አይደለም፤ እጅ ይንቀጠቀጣል ብለው ነው። እኔ ግን እሺ አልኩት፤ ለሐሙስ ቀጠርኩት። ላታልለው የወሰንኩት ሳህኑን ከማንሳቴ በፊት ነው። ለማያውቁኝ ሴቶች ባልሽ ይመለሳል እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ ለገዛ ወንድሜ አንድ ውሸት ይከብደኛል?

ችግሩ ካርታው ነበር። የኔ ካርታ፣ ታሮት የሚሉት የዕድል ካርታ፣ የድሮው ነው፤ ጥቁርና ቀይ፣ ደረቅ ያለ ሥዕል፣ አጽሙ ማጭድ ይዞ የሰው ጭንቅላት ሲያጭድ የሚታይበት። ኦሬስቴ እያንዳንዱን በመልኩ ያውቀዋል፤ ለአጽሙ እንዲያውም የጎረቤታችንን ስም አውጥቶለታል። በዚህ ካርታ ሕይወትህን ልንገርህ ብለው ይስቅብኝና ያበቃል። አዲስ ያስፈልገኝ ነበር፤ ሲያዩት ደስ የሚል፣ ማንም በማንም ላይ ሰይፍ የማይመዝበት።

ደግሞ ሌላም ነገር ፈልጌበታለሁ። ሲኞራ ኤልቪራ ማንበብና ሥራ ይለያያሉ ይሉ ነበር። ማንበብ ወሬ ነው፤ ሰውዬው የፈለገውን ከፊቱ ላይ ሰምተሽ መልሰሽ ትነግሪዋለሽ። ሥራ የሚሉት ግን ድግምቱን ነው፤ ሻማ አብርተሽ ካርታ ከሥሩ የምታኖሪበትን። ለሥራ የሚሆን ካርታ ላይ የምትለምኚው ነገር ሆኖ፣ አልቆ፣ ተስሎ መታየት አለበት። የሚነበበውና የሚሠራበት ደግሞ ከአንድ ፓኬት ካልሆኑ አንዱ ያቆመውን ሌላው ያፈርሰዋል። በንባቡ አላምንም። በሥራው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ አምናለሁ። ሰው ሲጨንቀው የማያምንበት ነገር የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ፊዮሬንሶ ሱቅ ሄድኩ። ከፖርታ ፓላሶ ገበያ ጀርባ ነው። ሻማውን፣ ቅጠላ ቅጠሉን፣ የቅዱስ አንቶኒዮን ምስልና የግብጽን ድመት አንድ መደርደሪያ ላይ ደባልቆ ይሸጣል። እሱ ራሱ የሚያምነው በኪኒን ብቻ ነው፤ የገንዘብ መሳቢያውን ሲከፍት ከሳንቲሙ ይልቅ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ይበዛል። ካርታ እፈልጋለሁ ስለው ተገረመ። ያንን አጽም ጡረታ አወጡት ወይ አለኝ። የማያስፈራ ካርታ አምጣ አልኩት።

«የማያስፈራ ታሮትና የማይቆርጥ ቢላ አንድ ናቸው፣ ሲኞራ ኢዮሌ።»

«አንተ አምጣ፤ እኔ አያለሁ።»

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚገዛውን አመጣ፤ እያንዳንዱ ካርታ ላይ ሙሉ ታሪክ የተሣለበትን። ፓኬቱን ልክፈት ስል እጄን ያዘኝ፤ የተከፈተ አይሸጥም አለኝ። ባልገዛው የሻማ ዋጋ እከፍልሃለሁ ብዬ ቀደድኩት። ሦስት ሰይፍ የሚሉት ካርታ ወጣ፤ ልብ ላይ የተሰኩ ሦስት ሰይፎች፣ ከኋላ ዝናብ። ሊቀደድ ለተዘጋጀ ሰው መልካም ምኞት ነው። ዐሥር ሰይፍ ላይ ደግሞ አንድ ምስኪን በሆዱ ተኝቶ ዐሥሩንም ጀርባው ላይ ተክለውበታል። አራት ሰይፍን ሳይ ባላባት ድንጋይ ሣጥን ላይ እጁን አጣምሮ ተጋድሟል። ፊዮሬንሶ አንገቱን በትከሻዬ ላይ አስግጎ፣ ይሄኛው መልካም ነው፣ ዕረፍት ማለት ነው፣ ማገገም ማለት ነው እያለ ያስረዳኛል።

«ዓይን አለኝ እኮ። ይሄ መቃብር ነው።»

«ትርጉሙ ግን…»

«ወንድሜ ትርጉም አያውቅም። ሥዕል ነው የሚያየው» አልኩት። እንዲህ አልኩት፤ በዚህ አፌ።

ሁለተኛው የድመት ነበር። ሁሉም ድመት፤ ንጉሡም ድመት፣ መነኩሴውም ድመት፣ ሞቱም የድመት አጽም። ኦሬስቴ ስለ ሕይወቱ ከድመት ምክር አይቀበልም። ሦስተኛው አበባ ብቻ ነው፤ የዘር መሸጫ ይመስላል። አራተኛው ላይ ሁሉም ራቁታቸውን ናቸው፤ ይሄን ባሳየው ኦፕሬሽኑንም እኔንም ረስቶ ካርታውን ይዞ ባር ይገባል። ከዚያ አንድ በወርቅ የተለበጠ አወጣልኝ፤ የጥንት መሳፍንት ያሠሩት፣ ሲያዩት እጅ የሚያስነሳ። ሰይጣኑና የሚፈርሰው ግንብ ከዘመን ብዛት ጠፍተውበታል ሲለኝ ደስ ብሎኝ ወሰድኩት ልል ነበር። ለካ አታሚዎቹ ይጎድላል ብለው አዲስ ሰይጣን አሥለው ጨምረውበታል። ሰው ሰይጣን ሲጠፋለት ተመስገን አይልም?

ፊዮሬንሶ መልኩ ተለወጠ። ጠረጴዛው ሙሉ በተቀደደ ፓኬት ተሸፍኗል። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለማነው፣ የትኛዋ ባለጸጋ ደንበኛ ናት አለኝ። ነገርኩት። የወንድሜን ሆድ ነገርኩት፣ የአባባን ጫማ ነገርኩት፣ ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከታችኛው መሳቢያ አንድ አቧራ የለበሰ ፓኬት አወጣ። ከአንድ ሐይቅ ዳር የሆነች ሴት ሣለችው፣ ገዢ የለውም፣ ጠንቋዮቹ ለስላሳ ነው እያሉ ይንቁታል አለኝ።

ከፈትኩት። ሰዎቹ ሁሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ሥራ ላይ ናቸው። ሦስት ሰይፍ ሰገባቸው ውስጥ ሆነው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ ከሥራቸው አንዲት ሴት ሽንኩርት ትልጣለች። ዐሥር ሰይፍ ገበያ ላይ ለሽያጭ ተደርድረዋል። ኮከብ በሚሉት ካርታ ላይ አንዲት ሴት ልጇን ታጥባለች። አራት ሰይፍ ጋ ስደርስ አንድ ሽማግሌ መስኮት አጠገብ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሰይፎቹ ጥግ ላይ እንደ ዣንጥላ ቆመዋል፤ ጭኑ ላይ ሾርባ አለ። ማንኪያውን አንስቷል። ፊቱ ሾርባው ጨው በዛበት የሚል ሰው ፊት ነው።

ሱቁ መሀል ቆሜ አለቀስኩ። ፊዮሬንሶ ከመሳቢያው አንድ ኪኒን አውጥቶ ሰጠኝ፤ ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ዋጥኩት። በካርታ ዋጋ አይከራከሩም፤ ያለኝን ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ አራቱን ሰይፍ ለየሁ። ነጭ ሻማ አበራሁ፣ ካርታውን ከሥሩ አኖርኩ፣ ከኦሬስቴ ፒጃማ የመዘዝኩትን ክር ዙሪያውን ጠመጠምኩ፣ ሾርባ ውስጥ የምጥለውን የደፍና ቅጠል ጣል አደረግኩ፣ ሲኞራ ኤልቪራ ያስተማሩኝን ቃል አልኩ። ቃሉ አይጻፍም። ሻማው ቀጥ ብሎ ነደደ። ያ ጥሩ ነው።

ከዚያ የቀረውን ዘርግቼ ማጥራት ጀመርኩ። ሠዓሊዋ ምንም ለስላሳ ብትሆን ያላለፈቻቸው ነገሮች ነበሩ። ሞት አለ፤ ሽማግሌ አጫጅ አስመስላዋለች፣ ግን ሞት ነው። አወጣሁት። ሰይጣኑን አወጣሁ፣ ግንቡን አወጣሁ፣ የተሰቀለውን ሰው አወጣሁ። ሃያኛው ላይ መልአክ መለከት ይነፋል፤ ከሥሩ ሙታን ከሬሣ ሣጥናቸው ብቅ ብለው ያዩታል። ሣጥኖቹ ጥሩ እንጨት ናቸው፤ አበባም አለባቸው። ቢሆንም ሣጥን ነው። እሱንም አወጣሁና ሁሉንም መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ከቀሩት ውስጥ ሦስት መረጥኩ። አንድ ዋንጫ፣ ኮከቧ፣ ከዚያ ዓለም። ዓለም ሃያ አንደኛው ነው፣ የመጨረሻው፤ አንዲት ሴት በአበባ ቀለበት መሀል ትጨፍራለች። በኛ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ካርታ የለም። የታሰበው ሆነ፣ ተፈጸመ፣ በሰላም ደረሰ ማለት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት መጣ። ተላጭቷል፤ ከረባት አስሯል። ከረባት ሲያስር ከእናታችን ቀብር ወዲህ አላየሁትም። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ታማሚ ካርታ አይበውዝም አልኩት፤ ይህን ሕግ ያወጣሁት እዚያው ነው። ራሴ በወዝኩ። ሠላሳ ዓመት የያዝኩት ሥራ ነውና እጄ ሦስቱን ከላይ ማቆየት ያውቃል። ኦሬስቴ ካርታ ተጫዋች ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ይይዘኝ ነበር። ያን ቀን በመስኮት ነው ሲያይ የነበረው።

ዋንጫውን ገለበጥኩ፤ ጤና ነው አልኩት። ኮከቧን ገለበጥኩ፤ ተስፋ ነው አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ዓለምን ሳስቀምጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ለማንም እንዲህ ያለ አልወጣልኝም፣ ትገባለህ፣ ትወጣለህ፣ አለቀ አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየ። የምትጨፍረዋን ሴት አላያትም። የካርታውን ጥግ ነው ያየው።

«ሃያ አንድ ነው?»

«ሃያ አንድ። ከሁሉ በላይ።»

«መልአኩስ?» አለኝ።

የቱ መልአክ ልለው አልኩና ትዝ አለኝ። እኛ ፒየሞንቴዎች፣ የቶሪኖ አካባቢ ተወላጆች፣ እንግዳ ሰዎች ነን። ታሮትን ሌላው ሰው ዕድል ሊያይበት ሲዘረጋው፣ የኛ ሽማግሌዎች ባር ተቀምጠው ይጫወቱበታል። ሌላው ሰው ሃያ አንድ ከሃያ ይበልጣል ይላል፤ እኛ ጋ ሃያው፣ መልአኩ፣ ዓለምን ይበላል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ እንዲህ ነው፣ አበቃ። ዓለምን ይዞ መልአኩ ማን እጅ እንዳለ ያላወቀ ተጫዋች ደግሞ ባሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይልቅ የተጨነቀው እሱ ነው። በእጁ ያለው ትልቅ ነገር የሚወሰድበት ነገር ነውና። አባባ በየቅዳሜው ይጫወተው ነበር፤ ወይን እየቀዳሁላቸው ነው ያደግኩት። ሥዕል ስመርጥ ከርሜ ቁጥር ረሳሁ። ኦሬስቴ በዚያ ሁሉ ሥዕል ላይ አንድ ጊዜ እንኳን ዓይኑን አላሳረፈም።

«ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ ኦሬስቴ» አልኩት።

«ካርታ ካርታ ነው» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ዓለምን ሰጠሽኝ። መልአኩ የማን እጅ ነው ያለው?»

መልስ ሳልሰጠው ፓኬቱን ከእጄ ወሰደው። በአውራ ጣቱ እያንሸራተተ ጥግ ጥጉን አየ፤ ፈጣን ነው፣ ለዚህ ለዚህ ማንም አያክለውም። ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ አስቀመጠው።

«መልአኩ የለም። ዐሥራ ሦስት፣ ሞቱም የለም፤ ዐሥራ ስድስት፣ ግንቡም የለም። ይሄ ካርታ የተነካካ ነው።»

እንዲስቅብኝ ጠበቅኩ። እንዲቆጣኝም ጠበቅኩ። ሁለቱንም አላደረገም፤ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ ተቀመጠ። ያን ጊዜ የያዝኩት ሁሉ ለቀቀኝ። ተነስቼ መሳቢያውን ከፍቼ የደበቅኩትን ፊቱ ዘረገፍኩት።

«እኔ ነኝ ያወጣኋቸው። መልአኩን ሣጥን ስላየሁበት አወጣሁት። ሦስቱን መርጬ ነው የሰጠሁህ። ምንም አላውቅም፣ ኦሬስቴ። ድሮም አላውቅም ነበር፤ አንተ ትክክል ነበርክ። ገብተህ እንደምትወጣ አላውቅም። ቀርተህ ግን ደረጃ ላይ ወድቀህ እንደማገኝህ ይታየኛል፤ ይሄን ለማየት ካርታ አያስፈልገኝም። ፈርቻለሁ። ከሄድክብኝ ማንም የለኝም።»

ለቅሶዬ አላቆም አለኝ። እሱ ካርታዎቹን በጣቱ እየገፋ ቆየ፤ መልአኩን አገኘውና አነሳው። ሙታኑን አላየም፣ ሣጥኑን አላየም። ቁጥሩን አየ።

«ሌላ ሰው እጅ ነው ብዬ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«የለም። እኔ ጋ ነበር።»

«አንቺ ጋ ከሆነማ የሚበላኝ የለም» አለ። መልአኩን ሸሚዙ ኪስ ከተተው። «ለዶክተሯ ደውዪ፤ ድምፄ አሁን ደህና አይወጣም።»

በኦፕሬሽኑ ቀን ልብሱን፣ ሰዓቱን፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ተቀበሉት። ነርሷ ካርታውን አይታ ይሄ አብሮዎት አይገባም አለችው። አልተከራከረም፤ ለኔ ሰጠኝና ያዢው፣ ድሮም አንቺ ጋ ነው አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። እጄ ላይ ካርታ፣ እግሬ ሥር የኦሬስቴ ጫማ። የአባባን ቀን አሰብኩ። ለማውቃቸው ቅዱሳን ሁሉ ተሳልኩ፤ ለማላውቃቸውም ተሳልኩ። ከሰዓት ዶክተር ፒራስ ቆቧን እያወለቀች ወጣች። ደክሟታል፤ ግን ገና ከሩቅ ፈገግ አለችልኝ። ተነስቼ መልሼ ተቀመጥኩ። ኦሬስቴ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይዘሽዋል ወይ ብሎ ነው። ይዤዋለሁ አልኩት።

ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ዛሬ ወንድሜ በሕይወት አለ፤ ደረጃውን ከኔ ቀድሞ ይወጣል። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ግን ሰውዬው ተለወጠብኝ። ባር ገብቶ እህቴ ታውቃለች ብሎ አወራ። አሁን ያ ሁሉ ሲንከተከትብኝ የኖረ ሽማግሌ ሳልፍ ኮፍያውን ያነሳልኛል። ታንክሬዲ ስለ ጉልበቱ ሊጠይቀኝ መጣ። ኦሬስቴን ለብቻው ይዤ ተቆጣሁት። ካርታውን እንደነካካሁት በዓይንህ አይተሃል፤ ምንም እንደማላውቅ በአፌ ነግሬሃለሁ አልኩት። ታግሶ አደመጠኝ፤ ልክ ደንበኞቼ እንደሚታገሱኝ።

«አንቺማ አታውቂም፣ እታለም» አለኝ። «እጅሽ ነው የሚያውቀው። ከዚያ ሁሉ ካርታ መልአኩን ለይቶ አውጥቶ ያስቀመጠልኝ ማን ሆነና?»

ሾርባውን ቀድቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

ባለፈው ሳምንት ዶክተሯ ለምርመራ ጠርታዋለች፤ ሳንባው ላይ አንድ ነገር ማየት ትፈልጋለች። ደብዳቤው መጥቷል። ሂድ አልኩት። እሺ፣ ግን በካርታው ንገሪኝ አለ። ሾርባ እየጠጣህ ነው የምነግርህ፣ ሂድ አልኩት። እንዲህ አይሆንም፣ በደንቡ ይሁን አለኝ። ሾርባው ጨው በዝቶበት ነበር፤ አውቃለሁ፣ እጄ ስቶ ነው። ምንም ሳይል ጠጣው።

ዛሬ ከሰዓት ደንበኛዬን ሲኞራ ማቲልዴን ሸኝቼ በሩን ስከፍት ኮሪደሩ ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁለት ሴቶችና ኦሬስቴ። ከረባት አስሯል። ግባ አልኩት፤ ሴቶቹ ቀድመውኛል፣ ተራዬን እጠብቃለሁ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ከዋሸሁ በኋላ የማልዋሸው አንድ ሰው ነበረኝ። የመጀመሪያዋን ሴት አስገባሁና በሩን ዘጋሁ።